ሆድ ያወጣ ካብ

ሆድ ያባውን፣ እኛ ዘንድ፣ የሚያወጣው ሳል ነው።
«እስቲ ሳል» አለችው።
ጌቲን ፓሪ ሳለ፤
ከሸሚዙ በታች፣ ከጠባሳው መሐል
የግልገል ራስ የሚያህል አንድ ነገር ብቅ አለ።

ሐኪሟ ሜረሪድ መዳፏን ጫነችው፤
«ስንተኛህ ነው?» አለችው።
«ቆጠራ ካልሳትሁኝ አራተኛዬ ነው።
መጀመሪያ አንጀቴ ፈነዳ፣ በጎቼ ሲወልዱ፤
ባንጎር አምጥተውኝ ከላይ እስከ ታች ቀደዱ፣
ሰፉኝና ሄዱ።
ዓመት እንኳ ሳይሞላ ስፌቱ ላላ፤
ጎትተው አሰሩት፣ ክሩ ሥጋዬን ቆርጦ አለፈ ኋላ።
ሦስተኛው ላይ መረብ አለበሱኝ ደግሞ፤
መግል ቋጠረና መረቡም ይኸው ከርሞ
ሂድ ቢሉት የማይሄድ እንግዳ።»

እኔ ከጥግ ነበርሁ። የቀዶ ጥገናዋ መሣሪያ አቀባይ ነኝ፤
ይህ ሰው በልጅነቴ፣ ጓሯችን ሲሠራ፣ ድንጋይ ያስቆጠረኝ፣
ያለ ጭቃ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ ከድንጋይ አስማምቶ
ካብ የካበልን ነው፣ ዌልስ ተራራ ድረስ ጎትቶ።

«ዶክተር» አላት፣ «ካብም እንደ ሰው ሆድ ያወጣል።
ሞኝ ግንበኛ መዶሻ ያነሣና መልሶ ይገፋዋል፤
አንድ ክረምት ይታገሣል፣
በሁለተኛው ውርጭ ጎረቤቱንም ይዞ ይናዳል።
ማፍረስ ነው ደጉ!
ጤነኛው ድንጋይ እስኪገኝ፣ እስከ ጥጉ፤
ከዚያ ግራና ቀኙን የሚያስተሳስር ረጅም ድንጋይ ማጋደም።»
ሜረሪድ ጻፈችው። በእውነት፣ ከመዝገቡ ጠርዝ ላይ፣ በቀይ ቀለም።

ቢላዋው ግን አልቸኮለም።
«ሲጋራህን ጣል። ክብደት ቀንስ። ስኳርህን ግታ።»
አምስት ወር ጠበቀችው፣ በየሳምንቱ እየደወለች ማታ።
ውጭ ማደር የለመደ አንጀት፣ ሲመለስ ቤቱ ይጠበዋል፤
ቤቱ ካልሰፋለት ሳንባን ይገፋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል።
ስለዚህ ወር አስቀድማ ጎኖቹን በመርፌ አላላቻቸው፤
ያ ሀብታሞች ግንባራቸውን የሚያስወጉት መድኃኒት ነው።
«ለፊቱስ አንዲት ጠብታ አትተርፍም?» አለች ሚስቱ ኔሪስ።
ሳቃችን ሳይጨረስ
ማክሰኞ ደረሰ።

ሰባት ሰዓት።
አሮጌው መረብ ካንጀቱ ጋር ሥጋና ደም ሆኖ ነበር፤
በመቀስ ጫፍ፣ ሩዝ በምታህል እርምጃ፣ ፈታችው ክር በክር።
ራዲዮው ተዘጋ፤ ማንም አልተነፈሰ፤
ቁርጥራጩን በሳህን ተቀበልሁ፣ እንደ ዛገ ወንፊት የፈራረሰ።

ከጡንቻው ጀርባ ገባች። ጥልቁን ሽፋን ፈታችው፤
ዓመታት የተኳረፉ ሁለት ጎኖች ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው፣
ጣት በጣት፣ እየተግደረደሩ።
መሐል ላይ ተገናኙ።
አዲሱን መረብ በድርቡ መካከል ዘረጋች፣ አንጀት የማይነካው፣
ጊዜው ሲደርስ ቀልጦ ሥጋውን ለሥጋ የሚተው።
ከዚያ ክር አቀበልሁ፤
ከጫፉ ግማሽ ሳንቲሜትር፣ ካለፈው ስፌት ግማሽ፤ ስልሳ ሁለት ቆጠርሁ።
ትልቅ ጉርሻ ያንቃል፤ ትንሽ ንክሻ ይይዛል።
«ጥብቅ አታድርጊው» አለች ለተማሪዋ፣ «የታነቀ ሥጋ ይሞታል።»

በሚያዝያ ተመልሶ መጣ። «እስቲ ሳል» አለችው።
ሳለ። ምንም የለም። ደግሞ ሳለ፣ ስላላመነው።
«ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሣ፣ እስከ መከር።»
«አምስት ኪሎ ድንጋይ!» አለ፣ «ይህ እኮ ለውሻ መወርወሪያ ነው።»
ኔሪስ ኮቱን አለበሰችው።

ዛሬ ጧት ከጓሮዬ ወጣሁ፤ ውርጩ ገና አልለቀቀም።
የሱ ካብ፣ ያ የልጅነቴ፣ ከታች በኩል እብጥ ብሏል፤
ጥቂት ነው፤ መዳፍ አይሞላም።
ብነግረው መዶሻውን ይዞ ይመጣል፣ ማንም አያስቀረው።
አልነገርሁትም።
ሆድ ይፍጀው።