ማዞሪያው

ሂርማታ ላይ ሬዲዮ የሚያዳምጥ የለም፤
የታጁ ብየዳ ከጀመረ ወዲያ ጣቢያ አይለይም።
ስንት አገር አቋርጦ የመጣ ድምፅ ሁሉ
አዌቱ ጋ ሲደርስ ይጠፋበታል ውሉ፤
ከረጢቱ እንደተቀደደበት የጨው አህያ
ባዶ ጀርባ ይዞ ይገባል ገበያ።

እኔ ጠጋኝ ነኝ፤ የሰው ሬዲዮ ከፍቼ፣
አቧራ አራግፌ፣ የተበጠሰ አግኝቼ፣
እንደ ሰነፍ ሐኪም "ቤትዎ ይሞክሩት" እላለሁ፤
እዚህ ብከፍተው የሚጮኸውን አውቀዋለሁ።

አባቴ ጅሬን ነው፣ ከዳገቱ አናት።
"ውረድ፣ እኔ ጋ ኑር" ብለው ስንት ዓመት፣
"እዚያ ጆሮዬን ነው የምትቀብሪው" ይላል ሽማግሌው ከሊፋ።
እውነቱን ነው፤ እላይ ሌሊቱ ንጹሕ ነው፣
የአጭር ሞገድ ሰማይ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ያድራል እየሰፋ።

መላው የነጂብ ነው፣ የኪቶ ፉርዲሳው ተማሪ፤
በደረሰኝ ጀርባ ሣጥን፣ ቀስት፣ ሣጥን ሥሎ፣
"ሬዲዮውን ጸጥታው ጋ ተዪው፤ ድምፁን ብቻ ጥሪ"
አለኝ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ መልሶ ሰቅሎ።

ከአባቴ ሬዲዮ ወገብ ቀጭን ሽቦ አውጥተን
ድምፁን ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለእኔ።
የክብሪት ቤት የምታህል ማሰራጫ፣ የዘይት ቆርቆሮ አንቴና፤
ነጂብ ከጅሬን ጣሪያ፣ እኔ ከሱቄ ጣሪያ፣ በስልክ እየተጯጯህን፣
"ወደ ግራ!" "አለፍከው!" "ትንሽ መልስ!" "እዚያው!"
ክር መርፌ ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሻችንን ውጠን።

መጣ።
ኮምፒውተሬ ላይ ተኝቶ የነበረው አረንጓዴ መስመር
ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ እንደ ጥጃ ቆመ፤
የሱዳን ዑድ፣ የስዋሂሊ ዜና፣ ደግሞ አንድ ሰው
በማላውቀው ቋንቋ፣ የእህል ዋጋ ይሁን ቅኔ፣ ሳያቋርጥ ተናገረ።

ሰሞኑን ጣቢያ ሰማሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን
ጣቢያውን ትቼ መሻገሪያውን ያዝሁ፤
ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ የምትመጣዋን ፉጨት፣
ማዞሪያውን፣ የአባቴን ጣት።
ድሮ ባንዴ ነበር የሚያርፍበት፣ እንደ ጭልፊት።
አሁን ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያልፈዋል፤
መስመሩ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል።
ለማንም አልነገረም።
ጁምዓ ጁምዓ ስሄድ እጁን ኪሱ ይከታል።

መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። "አይዞህ" ብለው አይሰማም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ማታ ማዞሪያው ባዶ ቦታ ላይ ቆመ።
አንድ ሰዓት። ሁለት። ሽሽሽ፤ አልፎ አልፎ ቀጭ፣ ቋ፣
እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት። ስልኩ አይነሣም።
ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።
ባለባጃጁ "ማን ሞተ?" አለኝ፤ ዝም አልሁት።

በሩ ክፍት ነው። እሱ ወንበሩ ላይ፣
ግቢ የተሰጣው በርበሬ ተጠቅልሎ ገብቶ፣
ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፦
"ስሚ፤ መብረቅ ነው። ገና ጊቤ ማዶ ነው።
ደመናው ሳይታይ እዚህ ይሰነጥቃል።
አርባ ዓመት እህል ያስገባሁት በዚህ ባዶ ቦታ ነው፤
ጣቢያ ጣቢያ የምትይው ጊዜ ማሳለፊያ ነው።"
ስለ እጁ ልጠይቅ አፌን ስከፍት
በርበሬው አስነጠሰኝ፤ ጥያቄው አለፈ።
ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ ወደቀች።

አሁን ኮምፒውተሬ ቀጭ ሲል መስኮት ከፍቼ
"ታጁ! ንቀል፣ ብረቱን አስገባ!" እላለሁ።
መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ሁለቴ ከራሰ ወዲህ ይነቅላል፣
ወፍጮውም ይከተለዋል።
ከዝናቡ በፊት ሂርማታ አንድ አፍታ ጸጥ ትላለች።
ያኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ እጠብቃለሁ፤
ማዞሪያው ወዲያ፣ ወዲህ፣ ሁለት ጊዜ ንቅንቅ ይላል።
ሰላምታው ይሁን መንቀጥቀጡ፣ መስመሩ አይለይም።
እኔም አልጠይቅም።