የሰሌዳው ሰው

አፉላ ላይ፣ ከኮሌጁ ጀርባ፣ ከሱፍ አበባው ማሳ ማዶ፣
አንድ ሜዳ አለ፤ ሣሩ ግማሹ በቅሎ፣ ግማሹ ነዶ።
እኔ የሰሌዳው ሰው ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ
መሰላሌን አቁሜ እወጣለሁ፣ ቁጥር ልሰቅል በቦታ በቦታ።
የኤሌክትሪኩ ሰሌዳ ከተቃጠለ ሦስት ዓመቱ፤
“ይገዛል” ይላል ቢሮው፤ እስከዚያው ቆርቆሮ ነው መድኃኒቱ።

ሁለት ሣጥን አለኝ። የእንግዳው ቁጥር ቀለሙ ተላልጧል፤
የአራት ጠርዙ ተጣሟል፣ የሦስት ብረቱ ተገልጧል።
የኛው ሣጥን ግን እንዳልተነካ የሰርግ ዕቃ፣
ሁለት ከላስቲኳ አልወጣች፣ ሦስትማ ገና አልነቃ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሦስት ለዜሮ።
በሁለተኛው አራት ለአንድ።
(አንዷን ያገባልን የእነሱ ተከላካይ ነው፣ በገዛ መረቡ፣ በግንባሩ።
ዝም ብለን ተቀበልን። ምጽዋት አይመረጥም።)
በሦስተኛው ዘነበ፤ በአራተኛው በረኛው ኤልያሺቭ ፈተና ነበረበት፤
ተተኪው የሒሳብ ተማሪ፣ የኳሷን ማዕዘን ሲያሰላ ገባችበት።
አምስት። ስድስት።
ሰባተኛውን አልናገርም።

አሰልጣኝ ሹኪ ይጮህ ነበር፤ መጀመሪያ በስም፣ ኋላ በቁጥር፣
መጨረሻ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ዝም ብሎ ዳር ለዳር ሲዞር።
አሰላለፉን ሦስት ጊዜ ለዋወጠ፤ አጥቂውን ከኋላ ተከለ፤
የቆጡን አወርድ ብሎ፣ የብብቱን ጣለ።

በሐኑካ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ስልኬ ላይ መጣ አጭር መልእክት፦
“ሹኪን እናመሰግናለን። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው አለ።” በቃ። ያለ ምክንያት።
ማታ መጥቶ የዕቃ ቤቱን ቁልፍና ፊሽካውን በእጄ አኖረ።
ፊሽካው ሞቆ ነበር። ከኪሱ ይሁን ከአፉ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልተናገረ።
በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ፦ “ዶድ መለሰ፣ አንተ ሁሉን ከላይ አይተሃል፤
የቱ ጋ ነው የሳትኩት?”
እኔ ከመሰላል ላይ ጎል እንጂ ጥፋት ቆጥሬ አላውቅ።
“ዝናቡ ነው” አልኩት።

ከመሰላሌ ጫፍ ጊልቦዓ ይታያል፣ ሳኦል የወደቀበት፣
ቄሳችን እንዳነበቡልን፣ “ዝናብና ጠል አይውረድባችሁ” የተባለበት።
እርግማኑ ወደኛ አልደረሰም፤ ሜዳችን ጭቃ በጭቃ ነው፤
ንጉሥ በመንፈቅ መሻሩ ግን ለዚህ ሸለቆ ብርቁ አይደለም፣ ያውቀዋል፣ የኖረበት ነው።

አዲሱ ገናዲ ነው፣ ከኖፍ ሃጋሊል። ንግግሩ ሁሉ ሦስት ቃል።
ልጆቹን ጎሕ ሳይቀድ ያስሮጣል፤ የኢክሳሉን ሳሌሕ ከግራ ወደ መሐል።
እኔንም ጠራኝ፦
“ሁለት ቁጥር አለህ?”
“አለኝ።”
“መንጠቆውን ዘይት ቀባ።”
ቀባሁ ብዬ ዋሸሁ። በስምንተኛው አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

ዘጠነኛው ሐሙስ። ሦስት ለአንድ እየተመራን፣ ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣
የጎረቤቴ ልጅ፣ የነርሲንግ ተማሪው አዲኤል ወንድይፍራው፣
አስቦ ይሁን አንሸራቶት፣ በቅልጥሙ ገፋት።
ገባች።

ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩ። መንጠቆው ዝጎ እምቢ አለኝ።
ጫማዬን አውልቄ ቀጠቀጥኩት፤ ከታች ሃያ ሰባት ሰው አየኝ፣
ሃያ ስምንተኛው ከአጥር ውጭ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣
የሱፍ ፍሬ የሚፈረክስ፣ ድንገት መንጋጋው ቆሞ ቀረ፣ ወደኔ አንጋጦ።
ሹኪ ነበር። ፍሬዋን አልዋጣትም፣ አልተፋትም።

ሦስት ለሁለት ተሸነፍን።
መብራቱ ሲጠፋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አወረድኩ፣
ዜሮን ጠረግኩ፣ ሦስትን ሣጥኗ ውስጥ ወረወርኩ።
ሁለትን ግን እዚያው ተውኳት፣ ላስቲኳ የለ፣ ክዳን የላት፤
ዝናቡም ጀመረ።
ይንካት።
እሷም እንደ እንግዳው ቁጥሮች ትላላጥ።