ሁለት ለአንድ

ሐምሌ ነው። ከሂርማታ ማዶ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት፤
አንድ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ፣ ጋሽ ተማም ያጋደሙት።
ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ አዌቱ ሲጠማዘዝ፣
«እንግዲህ» አሉኝ፣ «እንሥራ፣ የማይፈስ ወንዝ።»

ሁለት ጠርሙስ ተከፈተ፣ አንዱ ሙጫ፣ አንዱ ማጠንከሪያ፤
ሁለት ለአንድ ይለካሉ፣ የሻይ ብርጭቆ ነው መስፈሪያ።
«ቀስ ብለህ አማስል ነጂብ፣ አየር እንዳታስገባበት፤
ከገባ መውጫ የለውም፣ እዚያው ነው የሚያረጅበት።»

ፈሰሰ። ሞላ። ጠራ።
ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ ሥራ።

ሦስት ቀን። ብርዱ በሌሊት፣ ከቦዬ ረግረግ ሲነሣ፣
ሙጫው እንደ ማር ለገመ፣ መጠንከሩን ረሳ።
እርጥበቱ በላዩ ላይ፣ አጓት መሳይ ቢቀባበት፣
ጨርቅ ለብታ ውኃ ነክረው፣ እንደ ሕፃን ፊት አበሱት።

ዓርብ ፀሐይ ወጣች። በሐምሌ! እሳቸው ለጁምዓ ሄደው፣
እኔና የጎረቤት ልጅ፣ ጣውላውን ደጅ አወጣነው።
በርበሬ የሚደርቅ በፀሐይ፣ ልብስ የሚደርቅ በፀሐይ፣
ይሄ ከማን ይበልጣል? አልኩ፣ ሰማዩን አሻቅቤ ሳይ።
እንደ ዘይት ላላ። አረፋው ከሥር ተግተለተለ፤
ጫን ባደርገው አውራ ጣቴ፣ ወንዙ ላይ ተተከለ።

ተመልሰው አዩት። አልጮኹም።
«ይሄ እኮ አይደርቅም ልጄ፤ ውኃ የለው፣ ምኑ ይደርቃል?
ሁለቱ እጅ ለእጅ ሲያያዙ፣ ከውስጥ ነው ድንጋይ የሚሆን።
ብርድ ያዘገያቸዋል፤ ሙቀት ሲበዛ ያፋጃል፤
ብርሃን ግን፣ ብርሃን ማስረጀት እንጂ፣ ማጋባት መች ያውቃል።»

የከሰል ፍም በሩቁ፣ በብርድ ልብስ ከልለውት፣
ሌሊቱን አብረውት አደሩ፣ አንድም ጊዜ ሳይነኩት።

ፎዚያ መጣች በሳምንቱ፣ ለአጂፕ ሰፈሩ ምግብ ቤቷ፤
ሁለት መቶ ብር ተቀነሰ፣ አሻራዬ ላይ ቢያርፍ ጣቷ።

ዘንድሮ ገባሁ፤ ስፕሪስ አዘዝኩ፤ ጠረጴዛው መስኮት ሥር ነበር፤
ወንዙ እንደ ከረመ ዘይት፣ ቢጫ ሆኗል ከዳር እስከ ዳር።
«ያሉት አልቀረም» ብዬ፣ አውራ ጣቴን ሰደድኩ፤
አልገባም። የልጅ ነው ጉድጓዱ። ደግሜ፣ ደግሜ ሞከርኩ።

አስተናጋጇ ጨርቅ ይዛ፣
«እሱ አይለቅም» አለችኝ፣ «ስንት ጊዜ ፈትጌዋለሁ።»