ጥድ መርዶውን ያዘገያል

ወንድሜ ኩኒሂኮ የሞተ ሰሞን፣
ልጁ ቤቱን ወሰደ፣ ባንኩ ጀልባውን፤
ለእኔ ጥዱ ደረሰኝ፣ ከነሸክላው፣
ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ አባታችንን በዕድሜ የሚበልጠው።

ሠላሳ ዓመት በታካማትሱ ወደብ ትኬት ስቆርጥ፣
መንገደኛ ሳሳፍር፣ መንገደኛ ሳወርድ፣
ሥር ያለው ነገር አሳድጌ አላውቅም እኔ፤
በእጄ ያለፈ ሁሉ ሂያጅ ነበር በዘመኔ።

እናም አጠጣሁት።
ጠዋት አጠጣሁት፣ ማታ አጠጣሁት፤
ዝናብ ሲጥል ባደረ ማግስት እንኳ አልማርሁት።
ሆስፒታል ሳለ ያላደረስሁለትን ሾርባ፣
"ነገ እሄዳለሁ" እያልሁ ያሳደርሁትን ጥየቃ፣
በመቅጃ እየቀዳሁ ከሥሩ አፈሰስሁት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እውነት ነው፤
ግን የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ የተወሰደው እሱ ነው።

የሰኔው ዝናብ ሲያባራ መልኩ ገረጣ፤
አምስት አምስት የታሰረው ቅጠል ከጫፉ ቢጫ አወጣ።

ቶኪዬ ከኪናሺ መጣች፣ በብስክሌት፣
ጥድ ስትከረክም ስድሳ ዓመት ያለፋት፤
ቅጠሉን ዞር ብላም አላየች።
ጎንበስ ብላ አፈሩን አሸተተች፤
የከረመ ዓሣ እንደሚሸጡላት ሴት ፊቷን ቋጥራ
"አልታመመም" አለችኝ፣ "ሰምጦ ነው።"

ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ የሠራሁ ሰው፣
ሰምጦ ሲሞትብኝ ይህ የመጀመሪያው።

"ወቅቱ አይደለም አፈር መለወጫ፤
ብስባሽ ግን ካላንደር አያይም" አለችና፣
ሽቦውን በጥሳ ከሸክላው አወጣችው።
ሥሩ ጠቁሯል። በሁለት ጣት ስትስበው
ልጡ እንደ እርጥብ ካልሲ ወልቆ ቀረ።
ቆረጠች። ደግማ ቆረጠች። ግማሹ ሲሄድ
ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርሁ።

ስመለስ ከመሃሉ ነጭ ሻጋታ አየሁ፤
ልጠርግ እጄን ስሰድ፣ በመቀሱ እጀታ ተመታሁ።
"ተወው! የጥዱ ሞግዚት ነው እሱ፤
ያለ እሱ ቢጠጣም አይረካም ሥሩ።"

ክፉ የመሰለኝ ደጉ ሆነ፤
ደግ የመሰለኝ ውሃዬ...

ጠጠር በበዛበት አፈር ተከለችው፣
እንዳይወዛወዝ በገመድ ጠፍራ አሰረችው።
ከኩሽናዬ አንድ የመብያ እንጨት አንስታ
ከግንዱ አጠገብ ሰካች፣ ጥልቅ አድርጋ፦
"በየጠዋቱ ምዘዛት። ደርቃ ከወጣች አጠጣ።
ረጥባ ከወጣች፣ እጅህን ኪስህ ክተት።"
"ማዳበሪያስ?"
"በሽተኛ ድግስ አይጠሩም።"
"ይድናል?"
ብስክሌቷ ላይ ወጥታለች።
"ጥድ መርዶውን ያዘገያል" አለች፣
"ሞቶም ወራት አረንጓዴ ነው። ጠብቅ።"

ጠበቅሁ።
ከአረንጓዴ ነገር ፊት ቁጭ ብሎ
ሬሳ ይሁን ሕያው ሳያውቁ መክረም፣
ከዚያ የከፋ የሐዘን ቤት አላየሁም።
በምሥራቁ ግድግዳ ጥላ አስጠለልሁት፤
አውሎ ነፋሱ የመጣ ሌሊት
መታጠቢያ ቤት አስገብቼ አሳደርሁት፤
መብራት ሲጠፋ ግንዱን በመዳፌ ያዝሁት፤
ምን እንደምሰማ እንጃ።

በጥቅምት የግራው ታችኛ ቅርንጫፍ ቀላ፤
መርዶው መጣ አልሁ፣ ግን ከዚያ አላለፈም ወደ ሌላ።
ቶኪዬ ልጡን ልጣ፣ አጥንቱን ነጭ አድርጋ ተወችው፤
"አይቆረጥም፤ ያጣውን ይዞ ይቁም" አለችው።
(ለጥዱ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።)

በመጋቢት፣ ለባሕሩ ብርድ ገና ካፖርት ለብሼ፣
ከላይኛው ጫፍ ሁለት ቡቃያ አየሁ፣
እንዳልተለኮሰ ሻማ ቀጥ ያሉ፣
የትንሽ ልጅ ጥፍር የሚያክሉ።
ለማንም አልተናገርሁም።
ለኩኒሂኮ እንኳ፣ መቃብሩ ሄጄ፣
ስለ አየሩ ነው ያወራሁት።

ዛሬ ጠዋት እንጨቷን መዘዝሁ።
ረጥባለች።
መቅጃው ሙሉ ነበር፤ አጥሩ ሥር አስቀመጥሁት፣
እጄን ኪሴ ከትቼ
ወደ ወደቡ ወረድሁ።