ወንዝ የሌለው ድልድይ

ኦኖፍሬ ጎንበስ አለ፣ መዳፉን ገልብጦ
አስፋልቱን ዳሰሰ፣ ትንፋሹን ውጦ፤
አንድ፣ ሁለት ብሎ፣ ሰባት ሳይሞላ ቆጥሮ
እጁን ሳብ አደረገ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።

«እኔስ ጫማ አለኝ፣ አንተ ግን ምን አለህ?
በል ና በሣሩ ዳር፣ ጥላ እየረገጥህ።»

ነጎድጓድ ነው ስሙ፤ ግን ብስክሌት ሲያልፍ
ጅራቱን ቆልፎ ከእግሩ ሥር የሚያርፍ።
ከድልድዩ ጥላ ደርሶ ለጥ አለና
አልነሣም አለ በብስኩት ልመና።

ባለ ጎማ ጫማ ልጅ ፍሬን ይዛ ቆመች፤
«ድልድዩ እዚህ ካለ፣ ወንዙ የታል?» አለች።

ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ጎርፉ በመስኮት
ገብቶ የእናቱን ሲንጀር ሲወስድባት፤
ከዚያ ነው ቫሌንሲያ መክራ ያባረረችው፣
አዙራ በጓሮ ባሕር ያሻገረችው።

ይህን ሁሉ ግን አልነገራትም።
ኮዳውን ከፈተ፣ መዳፉ ላይ አፈሰሰ፣
«ይኸው ወንዙ» አላት፤
ውሻው ቶሎ ቶሎ፣ አንጠፍጥፎ ላሰ።

ልጅቷ ስትስቅ፣
ነጎድጓድ ተነሣ፤ የኋላ እግሩን ሰቅሎ
ለደረቀው ድልድይ
የአቅሙን ለገሰ።