አጥንት ቆጠራ

ኦውሉ፣ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ ጥር ወር፤
ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ውጭው ገና ጥቁር።
ኬርቱ ባለጎማ ወንበር ላይ፣ እኔ ጎኗ ተቀምጬ፣
ሁለት ቅጽ ሞላሁ፣ አንዱን ካንዱ ገልብጬ፤
የልደት ቀን አንድ፣ እናት አንድ፣ አባት አንድ፣
ልዩነታችን አሥር ደቂቃ፣ እና አንድ የበረዶ መንገድ።

የወደቀችው ኅዳር ላይ ነው፣ ከፖስታ ሣጥኑ ሥር፤
የመብራት ሒሳብ ልታወጣ፣ ስትጎነበስ፣ ስትዞር።
ዳሌዋ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ፣
ደረቅ ጭራሮ ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ።
እኔ ያንኑ በረዶ ቀድሜያት ተራመድሁ፤ አልወደቅሁም፤
«ጥንቃቄ ነው» አልኩ ለጎረቤት፤ ዕድል ማለት አልወደድሁም።

ሐኪሟ ፔካላ ልጅ ናት፣ ገና ለጋ፤
አጥንት ግን ትቆጥራለች፣ እንደ ሙሽራ ፍለጋ፦
«እናታችሁ ዳሌዋ ተሰብሮ ያውቃል?
አክስታችሁስ? ማን ነው ከዕድሜ ጋር ያጠረው ይበልጥ?»
እናታችን ሒልያ ከዓመት ዓመት ጎበጠች፤
እኛ የመሰለን፣ መርፌ ጥላ መሬት ትፈልጋለች።

«የወር አበባችሁስ?» የሚያፍር የለም እዚህ፤
ኬርቱ በአርባ አንድ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ፤
እኔ በሃምሳ ሦስት።
ሲጋራ? እሷ፣ ከወተት ፋብሪካው ጀርባ፤
እኔ ስድስት ዓመት ስቴሮይድ፣ አስም ደረቴ ሲገባ።
«መንታዎች ናችሁ፤ ዘረ መላችሁ ቃል በቃል፤
ለአንዷ የተጻፈው ለሌላዋም ተጽፏል።»

ደም ቀዱን በባዶ ሆድ። «ደም ውስጥ ፍርፋሪ አለ፣
አጥንት ሌሊት ሲፈርስ ወደ ደም የኮበለለ።»
ግንበኛውና አፍራሹ እኩል ቢሠሩ ደግ ነበር፤
ሴት ስታረጅ ግንበኛው ያንጎላጃል፣ አፍራሹ ያድራል ሲቆፍር።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተራ በተራ ጋደም አልን፤
ማሽኑ በላያችን አለፈ፣ እንደ ዓሣ ነጋዴ መዘነን።
የምጠብቀው ነበረኝ፣ አልዋሽም፤ ትንሽ ኩራት፤
«የኢምፒ ብረት ነው» የሚል ቃል፣ በተሰበረች እህት ፊት።

ፔካላ ቁጥሩን አየች። እኔን አየች። ደግማ ቁጥሩን አየች።
«የአንቺ ያንሳል» አለች።

ከተሰበረችው ያነሰ! ያልተሰበርኩት እኔ፤
ወንፊት ይዤ ኖሯል የቆምኩት፣ ግንብ መስሎኝ ጎኔ።
ኬርቱ ሳቀች፣ ስፌቷ እስኪያማት ድረስ ሳቀች፤
«የአጥንቴ ፍላጭ! ያልወደቅሽ ብቻ ነሽ» አለች።

በስድስት ወር አንዴ የሚወጋ መርፌ ታዘዘልኝ።
ማታ ከሳውናዋ ምድጃ አመድ ዛቅሁ በባልዲ፣
ከበሯ እስከ ፖስታ ሣጥኑ በተንኩት፣
ግራጫ፣ ቀዝቃዛ፣ እፍኝ በእፍኝ።
ነገ የመብራት ሒሳብ ይመጣል። አብረን እንወርዳለን፣
ማን የማንን ክንድ እንደሚይዝ ገና እየተጨቃጨቅን።