አርባ አንድ

ዝናብ ነበር ማታ፣ አቬይሮ ከተማ፣
ሃያ ሁለት ጥናት አርሜ፣ ዓይኔ ዝሎ፣ መብራቴም ደክማ፣
ያንቺን አነሣሁት፣ ዙልሚራ፣ ከሥር የቀረውን፣
«የጨው ገበሬዎች» ብለሽ የሰየምሽውን።

ሁለት ገጽ ያህል ሄድሽ፣ በገዛ እግርሽ፣ በገዛ ነገር፣
አንዳንዴ ስታነክሺ፣ ሰዋስው ሲጥልሽ፤
ደስ ይለኝ ነበር።
ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን አረማመድ ተለወጠ፤
ዐረፍተ ነገሩ ከረባት አሰረ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ተቀመጠ።
«ማነው ይሄ ሰውዬ? የት ነው የማውቀው?» አልሁ፣
ደግሜ አነበብሁ፤
ድምፁ የቆየ ነው፣
ካፖርቱ የኔ ነው።

«በደሴቲቱ ላይ አርባ አንድ የጨው መደብ ነበረ» ይላል፣
ያለ ጥቅስ ምልክት፣ ያለ ስም፣ ያለ ዓመት፣
እንደ ባለቤት ሰው እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል።

ልንገርሽ፣ ልጄ፦ ያ ቁጥር ስሕተት ነው።
አሥራ አራት ነበረ፤ በወጣትነቴ፣ መጽሐፍ ሳሰናዳ፣
እንቅልፍ እያዳፋኝ የገለበጥሁት እኔ ነኝ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ አንባቢ አላረመኝ።
ሌባ ወርቅ ይሰርቃል፤ አንቺ ግን፣ ዙልሚራ፣
ስሕተቴን ወሰድሽው፣ ከነእድፉ ጋራ።

በማግስቱ መጣሽ። ሌሊቱን ቁጣ ስስል አድሬ፣
ጥያቄ ሆኖብኝ ወጣ ከከንፈሬ፦
«አባትሽ የት ይሠራል?»
«ደሴቲቱ ላይ ነው፣ ጨው ይሰበስባል።»
«እስቲ ቁጠሪልኝ፣ መደቦቹን በስም።»
ጣትሽን ዘረጋሽ፦ የዶሚቲላ፣ የነካዚሚሩ፣
የመበለቷ፣ የአጎትሽም…
አሥራ አራት ላይ ጣትሽ ቆመ።
ቀና ብለሽ አላየሽኝም።

«ላፕቶፑ ቅርብ ነበር» አልሽ፣ «ሌሊቱም አጭር፤
ደግሞስ በኔ ቋንቋ ማን ያምነኛል፣ መምህር?»

ቃል እየለዋወጥሽ «ነበረ»ን «ኖረ» ብትዪው እንኳ፣
ልብስ ነው የቀየረው፤ ሰውየው ያው ነው ለካ።
እንግዳ አይከለከልም፤ የሰው ሐሳብ ራስጌ ካስተኛሽ፣
ስሙን ከግርጌ አትንሺው፤ ይኸው ነው የምልሽ።

ዜሮ ሰጠሁ። ደንብ ነው። ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳሽኝ፤
በሚያዝያ፣ በበሬ ሥር፣ አዲስ ጥናት አቀበልሽኝ።
ገጽ ሦስት፣ ግርጌው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«መምህሬ በመጽሐፋቸው አርባ አንድ ይላሉ፤
አባቴ ቤላርሚኑ፣ አካፋውን ተደግፎ፣ አሥራ አራት ብሎኛል።
ቃለ መጠይቅ፣ መጋቢት ዘጠኝ፤ ነፋስ ነበረ።»

ዐረፍተ ነገርሽ ዛሬም ያነክሳል።
መጽሐፌን ከመደርደሪያ አወረድሁ፣ እርሳስ ፈለግሁ፤
ከኅዳጉ ላይ፣ ከዚያ ቁጥር ጎን፣ እርማት ጀመርሁ፤
ያባትሽ ስም አጻጻፉ ቢጠፋኝ
ጥናትሽን ገልጬ፣ ፊደል በፊደል ኮረጅሁ።
ከማን እንደሆነ ግን
አጠገቡ ጻፍሁ።